ጥቆማ፦ ለሎጎ ሐይቅና ለአርዲቦ የአሳ ማጥመጃ ዕቃ፣ ጀልባና በረዶ

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ጎበዝ። ሦስት ነን፤ በመረብ ሳይሆን በመንጠቆ ማጥመድ ልንጀምር ነው። ዘንግ ደሴ እንፈልግ ወይስ መርካቶ ሰው እንላክ? ደሴ አካባቢ ካሉት ሐይቆች ሎጎ ሐይቅ ይሻላል አርዲቦ? ታንኳ ወይስ የሎጅ ጀልባ? አሳው ኮምቦልቻ እስኪደርስ እንዳይበላሽስ ምን ይደረጋል? የምታውቁ ጠቁሙን።

ጦሳ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ዘንጉ የመጨረሻ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ዘንግ ላይ ይጨርስና መንጠቆና ክር ላይ ይሰስታል። ሎጎ ሐይቅ ላይ ባዶ እጅ የሚመልሰው ግን መንጠቆ ነው።

በብዛት የምታገኙት አሳ ቀረሶ (ቲላፒያ) ነው። አፉ ትንሽ ነው፤ ዋና ምግቡ ውሃው ውስጥ ያለው አልጌ ስለሆነም እንደ አምባዛ ጎርሶ አይሮጥም። ይለቅማል፣ ይቀምሳል፣ ይተፋል። ሱቅ ውስጥ የሚሰቀለው ትልልቅ መንጠቆ ለአምባዛ እንጂ ለእሱ አይሆንም። ለቀረሶ ከ8 እስከ 10 ቁጥር ያዙ። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። በዜሮ የሚጻፈው ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ 4/0 ከ1/0 ይተልቃል። ሻጩም አንዳንዴ ስለሚያምታታው ቁጥሩን ትታችሁ በዓይናችሁ ለኩ፤ ከትንሹ ጣት ጥፍር ብዙም የማይሰፋ ከሆነ ይሆናል። ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 4/0።

ክር፦ ለቀረሶ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለአምባዛ ከ0.40 እስከ 0.50። ወፍራም ክር ቀረሶ ላይ ሁለት ጉዳት አለው፤ ውሃው ጥርት ሲል ይታያል፣ ቡሹም (ውሃው ላይ ተንሳፎ ንክሻውን የሚያሳየው) ቀለል ያለውን ንክሻ አያሳይም። የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ናይለን አትግዙ። አንድ ክንድ ያህል አስፈትታችሁ መሐሉ ላይ ቋጠሮ ሥሩና ሳብ አድርጉት፤ ቋጠሮው ላይ ጠቅ ብሎ ከተበጠሰ ክሩ አርጅቷል።

መንጠቆ ስታስሩ ክሩን በቀለበቱ አሳልፉ፣ ጫፉን በዋናው ክር ላይ ከ5 እስከ 6 ጊዜ ጠምዝዙ፣ መንጠቆው አጠገብ በቀረችው ቀዳዳ መልሱት። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲሳብ በራሱ ሰበቃ ይግልና ይዳከማል፤ «ትልቅ አሳ በጠሰብኝ» ከሚባለው ግማሹ የዚህ ጣጣ ነው።

ቦርከና፦
የጦሳ ምክር ትክክል ነው፤ ስለ ዘንግ ልጨምር። ሦስት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው 3 ሜትር ገደማ የሆነ ደረቅ ቀርከሃ ነው፤ ጫፉ ላይ የዘንጉን ያህል ክር ታስራላችሁ፣ ሪል (የክር መጠቅለያ) የለውም። ለቀረሶና ለዳር ይሄ ከበቂ በላይ ነው፤ ለጀማሪም ይኸው ይሻለዋል፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። እርጥብ ቀርከሃ ግን ይከብዳል፣ ከደረቀም በኋላ ይጣመማል፤ ጥላ ውስጥ አጋድማችሁ አድርቁት።

ሁለተኛው ተጣጣፊው የቻይና ዘንግ ነው፣ 2.7 ወይም 3.6 ሜትር። ስትገዙ ጥጥ ያዙና በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሳልፉ። ጥጡን የያዘ ቀለበት ስንጥቅ አለበት፣ ክራችሁንም ይበጣዋል። ከሪሉ ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣውን ክር ወዲያ በሉት፤ ብዙውን ጊዜ ወፍራምና ደረቅ ነው። ሪሉ ላይ የተጻፈው የመጠን ቁጥር ከ2000 እስከ 3000 ከሆነ ይበቃል። መያዣውን ስታወዛውዙት የሚንገጫገጭ ከሆነ ተዉት። ሦስተኛው ውዱ ዘንግ ነው፤ እዚህ ሐይቅ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ ለእሱ ብላችሁ መርካቶ ሰው አትላኩ። መርካቶ የሚላክ ካለ ትንንሽ መንጠቆና ቀጭን ክር ያምጣላችሁ።

ክሩን የሚያሰጥመውን እርሳስ (ክብደት) አትግዙ። ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲመጣጠን የሚወልቀው ክብደት ብዙ ቦታ በነፃ ይሰጣል። አሁን አሁን ብረትና ዚንክም ስለሚቀላቀልበት በቢላ ጫር አድርጉት፤ ለስለስ ብሎ የሚያበራው እርሳስ ነው። በጥርስ ነክሳችሁ ክር ላይ እንዳታጣብቁት፣ መርዝ ነው፤ በፒንሳ። ለቀረሶ 1 ወይም 2 ግራም ያህል ቆራጭ ይበቃል። ቡሹን ካረጀ ሲሊፐር ቆርጣችሁ ሥሩ፤ አውራ ጣት ካከለ ለቀረሶ ከባድ ነው፣ የመጻፊያ እርሳስ ያህል አቅጥኑት።

ተሁለደሬ፦
ወደ ቦታው ልግባ። ሎጎ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወልድያ መንገድ። ከመናኸሪያ ሚኒባስ እስከ ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያ ባጃጅ እስከ ውሃው። ከኮምቦልቻ የምትነሱት ደሴ ላይ መኪና ትቀይራላችሁ። አርዲቦ ከፍ ብሎ ደቡብ ምሥራቁ ላይ ነው፤ የእሱ ትርፍ ውሃ ወደ ሎጎ ሐይቅ ይፈስሳል፣ ሎጎ ሐይቅ ግን መውጫ የለውም። አርዲቦ ጸጥ ያለ ነው፣ ሰውም አይበዛበትም። መንገዱ ፒስታ ነው፤ ክረምት ጭቃ ነውና የራሱ መኪና ለሌለው አይመከርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሎጎ ሐይቅ ሂዱ።

ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ይህ ግን እናንተን አይመለከትም። ታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ስለሚያጥረው አሳው ላይኛው ክፍልና ዳሩ ላይ ነው። ሳሩና ደንገሉ የሚያልቅበትን ጠርዝ ፈልጉ፣ መንጠቆውን ከ1 እስከ 2 ሜትር አውርዱ። ከንጋት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ከሰዓት ነፋሱ ውሃውን ሲያናውጠው ቡሹ አይነበብም።

ስለ ጀልባ፦ ለቀረሶ ዳሩ ይበቃል፣ ጀልባ ባትከራዩም ምንም አይጎድልባችሁም። ከተከራያችሁ በቀዘፋ የሚሄደው የአጥማጆቹ ታንኳ ከሎጅ ሞተር ጀልባ ይሻላል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ቀዛፊው መረብ የተጣለበትን ስለሚያውቅ። መንጠቆ የሰው መረብ ላይ ተተክሎ ሲቀደድ ካሣው የእናንተ ነው። ሞተር ጀልባው ለሽርሽርና ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ለመሻገር ጥሩ ነው። የህይወት ጃኬት የሌለው ታንኳ ላይ ዋና የማይችል አይውጣ፤ ዳሩ ቶሎ ይጠልቃል።

ሳትዘነጉ የአጥማጆቹን ማህበር ወይም የወረዳውን ግብርና ጽህፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። መረብ ያለ ፈቃድ አትንኩ። በ1995 የወጣው የአሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 መርዝና ፈንጂን ይከለክላል፤ ብርብራ (አሳ የሚያደነዝዝ የዛፍ ፍሬ) መውቀጥ «ባህላዊ» ስለተባለ አይፈቀድም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቀረሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቷን አፏ ውስጥ ትይዛለች። በዚያ ጊዜ ስለማትበላ መንጠቆ ብዙም አያገኛትም፣ መረብ ግን ይጠርጋታል። ድንገት አፏ ታጭቆ ቢጫ ፍሬ የምታፈስ ካወጣችሁ ቶሎ መልሷት። ቀረሶ ከሐይቁ የተፈጠረ አይደለም፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ መጥቶ የተጨመረ ነው፤ አሁን ግን የአካባቢው ሰው እንጀራ ነው።

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
እናመሰግናለን። ማባበያው ምን ይሁን? ቦቲስ ያስፈልጋል?

ተሁለደሬ፦
ለቀረሶ ትል ወይም ሊጥ። ሊጡ፦ 2 ስኒ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ስኒ የተፈረፈረ ዳቦ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት፤ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ የጆሮ ጫፍ ያህል እስኪለሰልስ እሹ። ከቀጠነ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ከጠነከረ መንጠቆው አይወጋበትም። ትንሽ የተባዘተ ጥጥ አብራችሁ ካሻችሁት በቶሎ አይወልቅም። የሚለጠፈው የአተር ፍሬ ያህል ብቻ ነው፤ የመንጠቆው ጫፍ ትንሽ ይውጣ። ለአምባዛ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት፣ ከምሽት በኋላ፣ መሬት ላይ አሳርፉት። ስትይዙት የደረት ክንፉ አጥንት ይወጋል፤ ከክንፎቹ ኋላ እጃችሁን አግቡ።

ቦቲስ አዎ፣ የግድ። በሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ፤ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትቁሙ።

ሸዋበር፦
ስለ ማምጣቱ እኔ ልመልስ፤ ድካሙ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ፌስታል ውስጥ አፉን ቋጥራችሁ አታምጡ፣ ቶሎ ይግልና ይበላሻል። ማታውን ሁለት ሊትር የሚይዙ ሃይላንዶች ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ፤ ሲረጋ ስለሚሰፋ አራት ጣት ጉድለት ተዉ። ለ5 ኪሎ አሳ ሦስት ሃይላንድ በክዳን ሣጥን ውስጥ ይበቃል። ሣጥን ከሌለ ማዳበሪያ ውስጥ፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ። ደሴ ብርዱ ያግዛል፤ ከሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ግን ሙቀቱ ይጨምራል፣ ያን ጊዜ ነው በረዶው የሚፈተነው።

አሳው እንደተያዘ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን (መተንፈሻውን) እዚያው አውጡ፤ ግን ውሃው ዳር አትጣሉ፣ ቅበሩ። ፊሌቶ ለማድረግ ለ1 ኪሎ ስጋ ወደ 3 ኪሎ ሙሉ አሳ ይፈጃል፤ ስለዚህ ከሻጭ የምትገዙ ከሆነ የፊሌቶው ዋጋ ሦስት እጥፍ ቢሆን አልተበላችሁም። ሙሉውን ስትገዙ ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሆዱ ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ «ዛሬ ጠዋት ነው» ቢሏችሁም ተመለሱ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበላው ሰው ብዙ ነው፤ እንግዳ ካለባችሁ ጠይቁ። በጾም ወቅት ፈላጊ ስለሚበዛ ዳሩ ላይ ሳይቀር ዋጋው ይወጣል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ።