የመሬት ዕቅድ የመጨረሻ ቃል የማን ይሁን፤ የክፍለ ግዛቱ ወይስ የማዘጋጃ ቤቱ?

የክርክሩ ከፋች፦

በአሜሪካ አንድ ማሳ እርሻ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ቤት ይሠራበት የሚለውን የመወሰን ሥልጣን በመሠረቱ የክፍለ ግዛቶች ነው፤ ክፍለ ግዛቶቹ ግን በተለይ ከ1920ዎቹ ወዲህ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ይህን ሥልጣን ለማዘጋጃ ቤቶችና ለካውንቲዎች (ከክፍለ ግዛቱ በታች ላሉ የወረዳ መሰል አስተዳደሮች) አሳልፈው ሰጥተዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1926 በኦሃዮዋ የዩክሊድ መንደር ጉዳይ ላይ ዞኒንግ፣ ማለትም መሬትን በክልል ከፍሎ በየክልሉ ምን እንደሚሠራ የሚወስን ደንብ፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ ከበየነ በኋላ አሠራሩ ሥር ሰደደ። ዛሬ ኒው ጀርሲ ብቻዋን 564 ማዘጋጃ ቤቶች አሏት። ምክር ቤቶቻቸው ክፉ ሰዎች የተሰበሰቡባቸው አይደሉም፤ ነገር ግን ገቢያቸው በአብዛኛው ከንብረት ግብር የሚገኝ በመሆኑ፣ ቢሮና የገበያ ማዕከል ሲመጣላቸው በደስታ ይፈቅዳሉ፤ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የሚገቡባቸው ቤቶች ሲመጡ ግን የትምህርት ቤቱን ወጪ አስልተው ወደ ጎረቤት ይገፋሉ። ጎረቤቱም ያንኑ ስሌት ይሠራል። በመጨረሻ ቤቱ የሚሠራው ማንም ባልከለከለበት፣ ዋጋውም ገና ባልናረበት ስፍራ ነው፤ ያ ስፍራ ደግሞ ማሳ ወይም ጫካ ነው።

ስለዚህ ከተማ እስከ የት ይስፋ፣ ከየት ወዲያ ያለው መሬት ይጠበቅ የሚለውን መስመር በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የክፍለ ግዛቱ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ኦሪገን በ1973 በአገረ ገዥ ቶም መኮል ዘመን ያወጣችው ሕግ መንገዱን አሳይቷል። በዚያ ሥርዓት እያንዳንዱ ከተማ የዕድገት ወሰን ያበጃል፤ በወሰኑ ውስጥ የሚያስፈልገው መሬት የሚሰላው ለ20 ዓመት ታስቦ ነው፤ ዕቅዱም የክፍለ ግዛቱን ግቦች ማሟላቱን አንድ ኮሚሽን ይመረምራል። ኮሚሽኑ የአንድን ሰፈር የአጥር ቁመት አይወስንም፤ ካርታውን የሚሥለው ከተማው ራሱ ነው። የተከለከለው፣ ጎረቤትን የሚጎዳ ካርታ ሥሎ ማንም አይጠይቀኝም ማለት ነው።

የማዘጋጃ ቤት ተመራጭ፦

ከፋቹ ስለ ግብሩ ስሌት የጻፉት እውነት ነው፤ በአንድ አነስተኛ ከተማ ምክር ቤት ውስጥ ስለማገለግል ያን ስሌት ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ያኮራኛል አልልም። መድኃኒቱ ላይ ግን አንስማማም። ከሩቅ የሚወጣ አንድ ወጥ ደንብ ያልታሰበ ጉዳት እንደሚያመጣ ፍሎሪዳ ምስክር ናት። የ1985ቱ የዕድገት አስተዳደር ሕጓ፣ መንገዱ፣ ውኃውና የፍሳሽ መስመሩ እኩል ካልተዘጋጁ አዲስ ግንባታ እንዳይፈቀድ ያዝዝ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ምንም አይወጣለትም። በተግባር ግን መንገዱ የተጨናነቀው በነባሩ ከተማ መካከል፣ ባዶ የሆነው ደግሞ በዳርቻው ስለነበረ፣ ሕጉ ቤት ሠሪዎችን መሬቱ ሊጠበቅ ወደሚገባው ወደዚያው ዳርቻ ሰደዳቸው። በኋላም በ2011 ክፍለ ግዛቱ ሕጉን አላልቶ፣ ዕቅዶችን ይቆጣጠር የነበረውን መሥሪያ ቤት አፈረሰው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከላይ የሚመጣውን ትእዛዝ መፈጸም የለመዱት ከተሞች ምን ተረፋቸው?

በአንጻሩ የእርሻ መሬት በመጠበቅ ስማቸው ከሚነሣው ሥራዎች አንዱ የአካባቢ መንግሥት ሥራ ነው። የሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ በ1980 ወደ 93,000 ኤከር የሚሆን፣ የካውንቲውን ሲሶ የሚያክል መሬት ለእርሻ ከለለ። በዚያ ክልል ቀድሞ በየ5 ኤከሩ አንድ ቤት ይፈቀድ የነበረውን ወደ 25 ኤከር ከፍ አደረገ፤ የመሬቱ ባለቤት ግን በየ5 ኤከሩ የነበረውን የመገንባት መብት፣ ጥቅጥቅ ያለ ግንባታ በሚፈቀድበት ሰፈር ለሚሠራ አልሚ እንዲሸጥ ፈቀደለት። ይህን እንዲያደርግ ክፍለ ግዛቱ አላዘዘውም።

የፕላን ባለሙያ፦

የተከበሩ ተመራጭ፣ ያነሡት ምሳሌ ጠንካራ ነው፤ ከልቤ የምወደውም ነው፤ ሆኖም የሚያስረዳው እርስዎ ካሰቡት የተለየ ነገር ይመስለኛል። ሞንጎመሪ ካውንቲ ወደ 500 ካሬ ማይል ይሰፋል። በደቡብ የምድር ባቡር ጣቢያዎች ያሉባቸው ሰፈሮች፣ በሰሜን ደግሞ ማሳዎቹ በአብዛኛው በአንድ ምክር ቤት ሥር ናቸው። መብቱን የሚሸጠው ገበሬና የሚገዛው አልሚ በአንድ ካርታ ላይ በመገኘታቸው ልውውጡ ሊሠራ ቻለ። ይህንኑ አሠራር ለአንዲት ትንሽ የኒው ጀርሲ ከተማ ብንሰጣት ግን፣ ከተማዋ በሙሉ እርሻ ከሆነች መብቱን የሚቀበል ሰፈር የላትም፤ ሙሉ በሙሉ የተገነባች ከሆነችም የምትጠብቀው ማሳ የላትም። እንግዲህ ልዩነቱ «አካባቢ» እና «ክፍለ ግዛት» በሚሉት ስሞች ላይ ሳይሆን፣ የሚያድገውንና የሚጠበቀውን መሬት አንድ ላይ አይቶ ሊያመዛዝን የሚችል አካል በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ ነው።

ኒው ጀርሲ ራሷ ሁለቱንም መንገድ ሞክራለች፤ ለእኔ ከየትኛውም ምሳሌ በላይ የሚያስተምረኝ ይህ ነው። በ1985 የወጣው የክፍለ ግዛት ዕቅድ ሕግ 17 አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋመ። የኮሚሽኑ ረቂቅ በ21ዱም ካውንቲዎች እየተዘዋወረ ከየከተማው ካርታ ጋር ይመሳከራል፣ የማይገጥመው ይመዘገባል፣ ድርድር ይደረጋል፤ በዚህ መንገድ ዕቅዱ በ1992፣ ከዚያም በ2001 ጸደቀ። ምክክሩ የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን ድካሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ካርታውን የመለወጥ ግዴታ አልነበረበትም፤ ያልወደደው ከተማ ፈርሞ ተሰናበተና የለመደውን ቀጠለ። በዚያው ክፍለ ግዛት ደቡብ ግን፣ ከሥሩ ሰፊ የከርሰ ምድር ውኃ ባለው በፓይንላንድስ የጥድ ደን፣ በ1979 የወጣው ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች ዕቅዳቸውንና ደንባቸውን ከደኑ ዕቅድ ጋር አስማምተው በኮሚሽኑ እንዲያጸድቁ ያስገድዳል። የኮሚሽኑ 15 አባላት ስብጥር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሰባቱን አገረ ገዥው፣ ሰባቱን በክልሉ ያሉት ሰባት ካውንቲዎች አንድ አንድ እያደረጉ፣ አንዱን ደግሞ የፌዴራሉ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ይሾማሉ። የአካባቢው ድምፅ አለበት፤ ነገር ግን አንድ ከተማ ብቻውን ተነሥቶ የሁሉንም ስምምነት ሊያፈርስ አይችልም።

የቤት ፈላጊዎች ጠበቃ፦

እስካሁን የተጻፈውን በጥሞና አንብቤያለሁ፤ ማሳውና ደኑ ብዙ ተሟጋች አግኝተዋል፤ ቤት አጥቶ ከሥራው ርቆ የሚኖረው ሠራተኛ ግን ገና አልተነሣም። ወሰን ማስመር ቀላሉ ክፍል ነው። ከወሰኑ ውጭ መሥራት ተከልክሎ፣ በወሰኑ ውስጥም በእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ላይ ከአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በቀር እንዳይሠራ ከታገደ፣ ጥበቃው የቤት ዋጋን ወደላይ የሚገፋ፣ ቀድመው የገቡትን የሚጠቅም አጥር ይሆናል። ኦሪገን መለስተኛና ትላልቅ ከተሞቿ መንታ ቤት፣ ትላልቆቹ ደግሞ እስከ አራት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት በነጠላ ቤት ሰፈሮች እንዲፈቅዱ ያስገደደችው በ2019 ነው። ወሰኑን ካዘዘችበት ሕግ በኋላ 46 ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን መታወጅ ነበረባቸው እላለሁ።

ደግሞም የኒው ጀርሲ የዕቅድ ሕግ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1975 በማውንት ሎረል ከተማ ጉዳይ፣ አንድ ከተማ በዞኒንግ አማካይነት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ሊያገልል እንደማይችል፣ የአካባቢውን የቤት ፍላጎት ድርሻውን ሊሸከም እንደሚገባው ፈረደ። ከተሞቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። በ1983 ፍርድ ቤቱ ተመልሶ ግዴታውን አጠበቀ፤ የትኛው ከተማ ይህን ሸክም ይውሰድ ለሚለውም ዕድገት የሚጠበቅባቸውን አካባቢዎች ያመለከተውን የክፍለ ግዛቱን መመሪያ ካርታ ተጠቀመ። የ1985ቱ የዕቅድ ሕግና የዚያው ዓመት የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ የመጡት ከዚህ ፍርድ በኋላ ነው። የዕቅድ ሕጉን ከቤት ጥያቄው ነጥሎ የሚያነብ ሰው ግማሹን ታሪክ ትቶታል።

የማዘጋጃ ቤት ተመራጭ፦

ጠበቃው የተናገሩት ቢከብደኝም አልቃወመውም። ባለሙያዋ ያሳዩኝን የፓይንላንድስ ኮሚሽን አወቃቀርም፣ ካውንቲዎች ሰባት ወንበር ያላቸው በመሆኑ፣ በመርሕ ደረጃ ልቀበለው እችላለሁ። ግን መሬቱ ስለተያዘበት ሰው እንነጋገር። ማሳው የገበሬ ጡረታ ነው፤ በአንድ ውሳኔ የመገንባት መብቱ ሲነሣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ከእጁ ይወጣል። የኦሪገን መራጮች በ2004 «ቁጥር 37» በተባለው ሕዝበ ውሳኔ፣ የመሬት ዋጋ የሚቀንስ ደንብ ካለ መንግሥት ካሣ ይክፈል ወይም ደንቡን ያንሣ ያሉት ይህ ተሰምቷቸው ነው።

የክርክሩ ከፋች፦

እርስዎ የጠቀሱት ሕዝበ ውሳኔ በሺዎች የሚቆጠሩ የካሣ ጥያቄዎችን አስከተለ፤ ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረ በየቦታው ደንቡ ይነሣ ጀመር፤ ያንን ያዩት መራጮች በ2007 «ቁጥር 49» በተባለው ሕዝበ ውሳኔ፣ አብዛኛው ባለመሬት ጥቂት ቤቶችን ብቻ እንዲሠራ አድርገው ቀደም ያለውን አጠበቡት። ቢሆንም በገበሬው በኩል ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ጥበቃ በጥቂት ባለመሬቶች ኪሳራ የሚገኝ የብዙኃን ጸጋ መሆን የለበትም፤ መብቱን የሚሸጥበት ገበያ ወይም በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛው አካል ከወሰኑ ጋር አብሮ ካልተዘጋጀ ወሰኑ ፍትሐዊ አይደለም። በቤቱም ጉዳይ የመጀመሪያው ጽሑፌ ጎደሎ ነበር፤ ጠበቃው አርመውኛል፤ በወሰኑ ውስጥ ብዙ ቤት የመፍቀድ ግዴታ የሕጉ ዋና አንቀጽ ይሁን።

አሁን የሚቀረን ማስፈጸሚያው ነው። ብዙዎች ክፍለ ግዛቱ ገንዘቡን ብቻ ይያዝ፣ ካርታውን ለከተሞች ይተው ይላሉ። ሜሪላንድ በ1997 በአገረ ገዥ ፓሪስ ግሌንደኒንግ ዘመን የመረጠችው ይህንኑ ነው፤ ለዕድገት የሚውለው የክፍለ ግዛቱ ገንዘብ ካውንቲዎች ራሳቸው በሚለዩአቸው ቅድሚያ የሚሰጣቸው አካባቢዎች ውስጥ እንዲውል ታዘዘ። ሐሳቡ ጨዋ ነው፤ ነገር ግን በማሳ መካከል የራሱን የውኃ ጉድጓድ ቆፍሮ ፍሳሹንም እዚያው ግቢ ውስጥ የሚቀብር አልሚ የክፍለ ግዛቱ የፍሳሽ መስመር አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ገንዘብ መከልከሉ አያስቆመውም። በ2012 ክፍለ ግዛቱ ተመልሶ፣ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ከሚበክለው ናይትሮጅን ጋር አያይዞ፣ በፍሳሽ ጉድጓድ ላይ የሚመሠረቱ ትላልቅ የመኖሪያ መንደሮችን የሚገድብ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነበት። ገንዘቡ ብቻውን ይበቃ ቢሆን ይህ ሕግ ባላስፈለገ ነበር።

የፕላን ባለሙያ፦

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኦሪገን በ1979 የመሬት ጉዳዮችን ብቻ የሚያይ የይግባኝ ቦርድ አቋቁማለች፤ የሚወስነውም በአጭር የጊዜ ገደብ ነው። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ከሥራዬ እንደማውቀው ለዓመታት በተራ ፍርድ ቤት የተንጓተተ ክርክር ጠበቃ መቅጠር የሚችለውን ባለጸጋ ብቻ ይጠቅማል። ማሳውን የሚያድነውም ቤቱን የሚያሠራውም ፈጥኖ የሚሰጥ ውሳኔ ነው።

የማዘጋጃ ቤት ተመራጭ፦

እንግዲያውስ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። ክፍለ ግዛቱ ከተማዬን በወሰኑ ውስጥ ሦስትና አራት ቤተሰብ የሚይዙ ቤቶችን ፍቀድ ብሎ ካዘዘ፣ በአሮጌው የፍሳሽ መስመራችን ላይ የሚጨመረውን ጫና በየዓመቱ በጀቱ አብሮ ይሸከም፤ ትምህርት ቤቱንም በንብረት ግብር ላይ ብቻ አይጣለው። ይህ በሕጉ ከተጻፈ የከተማችንን ካርታ ለኮሚሽኑ ምርመራ እንዲቀርብ ድምፄን እሰጣለሁ። ካልተጻፈ ግን እቃወማለሁ፤ ነዋሪው የሚጠይቀው እኔን ነውና።

የክርክሩ ከፋች፦

ገንዘቡን በተመለከተ ያለ ማመንታት እስማማለሁ፤ ከወሰኑና ከቤቱ ግዴታ ጋር በአንድ ሕግ፣ በአንድ ቀን ይጻፍ። የማልስማማው፣ የአንድ ዓመት በጀት ስለዘገየ ከተማው ወሰኑን በራሱ ፈቃድ እንዲያልፍ በር በሚከፍት አንቀጽ ብቻ ነው፤ አንዴ አስፋልት የፈሰሰበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ተመልሶ አይታረስምና።