ውጭ አገር ስትወጡ ኪሳችሁ ሳይራቆት እንዴት ነው የምትበሉት?

ሻንጣዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ለ12 ቀን ጀርመንና ጣሊያን ልሄድ ነው። ትኬቱንና ማደሪያውን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ሆዴ ነው። ለምግብ በቀን 20 ዩሮ መድቤያለሁ። ከዚያ በላይ የለኝም፣ ቁርጥ ነው።

የምጠይቃችሁ ያለፈው ጉዞዬ ጉድ ስለሠራኝ ነው። አምና ሌላ አገር ሄጄ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በራበኝ ቦታ ነበር የምበላው። ከሙዚየም ስወጣ በሩ ላይ ካለው ካፌ፣ ባቡር ስጠብቅ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ካለው ሱቅ። አንድ ቀን አንድ የደረቀ ሳንድዊችና አንድ ጠርሙስ ውሃ ገዝቼ ደረሰኙን ሳይ የሌላ ሰው ሒሳብ የሰጡኝ መስሎኝ ተመልሼ ጠየቅኩ። የራሴው ነው። በአራተኛው ቀን ገንዘቤን ስቆጥር ለሳምንት ካሰብኩት ከግማሽ በላይ ሄዷል። የቀሩትን ቀናት በሙዝና በብስኩት ገፋኋቸው።

ክፍሌ ውስጥ ትንሽ ፍሪጅና ውሃ ማፍያ አለ፣ ምድጃ የለም። ሱፐርማርኬት ይሻለኛል ወይስ ፋስት ፉድ? በምንስ ነው የሚበሉኝ? ያያችሁትን ንገሩኝ።

ባቡር ያመለጠው፦

እህቴ፣ በ20 ዩሮ ጀርመን ውስጥ ጠግበሽ ታድሪያለሽ፣ አታስቢ። አልዲ፣ ሊድል፣ ፔኒ ወይም ኔቶ የሚል ርካሽ ሱፐርማርኬት ካየሽ ዝም ብለሽ ግቢ። የሚረክሱት ዕቃቸው መናኛ ስለሆነ አይደለም። የሚይዙት የዕቃ ዓይነት ጥቂት ነው፣ አብዛኛውም የራሳቸው ምርት ስም ያለበት ነው፣ ካርቶኑን ቀደው እንዳለ ይደረድሩታል፤ ለማሳመር የሚያወጡት ወጪ የለም። ብዙዎቹ የዳቦ ጥግ አላቸው። በመቆንጠጫ እያነሳሽ በወረቀት ከረጢት ትከቺዋለሽ።

ምድጃ የለኝም ላልሽው የተቀቀለ እንቁላል ፈልጊ። ቅርፊቱን ቀይና ሰማያዊ ቀለም ቀብተው ነው የሚሸጡት። እኔ መጀመሪያ ሳየው የልጆች መጫወቻ መስሎኝ አልፌው ሄድኩ። ውሃ ማፍያ ካለሽ ደግሞ አጃ ግዢ፣ ጠዋት ጠዋት ይይዛል።

ዋጋ ስታነጻጽሪ ትልቁን ቁጥር አትዪ። ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈ የኪሎ ወይም የሊትር ዋጋ አለ፤ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ እሱን መጻፍ ግዴታ ነው። ርካሽ ነው ብለሽ ያነሳሽው አይብ መጠኑ የጎረቤቱ ግማሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ስለ ውሃ ደግሞ ልንገርሽ። በፕላስቲክ ጠርሙስም ሆነ በቆርቆሮ ስትገዢ ብዙውን ጊዜ 25 ሳንቲም መያዣ አለው፣ ፕፋንድ ይሉታል። መደርደሪያው ላይ ካለው ዋጋ ውጭ ሒሳብ ስትከፍዪ ነው የሚደመረው፤ እኔ ስድስት ጠርሙስ ገዝቼ ሒሳቡ ሲበልጥብኝ ተጭበረበርኩ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ጠርሙሱን እንዳትጨፈልቂው። ሱቁ ውስጥ ያለው ማሽን ይቀበልሽና ወረቀት ያወጣልሻል፣ ያንን ካሸሯ ትቀንስልሻለች። የቧንቧው ውሃ ይጠጣልና የራስሽን ጠርሙስ ብትይዢ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትገላገያለሽ።

እና እሁድ ዝግ ነው። ሱፐርማርኬት ማለቴ ነው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል።

ድንች ጥብስ፦

ሁሌ ፋስት ፉድ ሲባል የምትሳለቁ ሰዎች ይገርሙኛል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ዝናብ እየዘነበ፣ ቋንቋ ሳታውቂ፣ ሻንጣ እየጎተትሽ የተቀቀለ እንቁላል ፍለጋ ትሄጃለሽ? ትልልቆቹ በርገር ቤቶች ውስጥ ስክሪን አለ፣ ሥዕሉን ነክተሽ ታዢያለሽ፣ ዋይፋይ አለ፣ ስልክሽን ትሰኪያለሽ።

ግን ሁለት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ ያለ አፑ አትግዢ። ያው በርገር በአፑ ኩፖን ስታዢው በጣም ይረክሳል። አፑ የሚሠራው ግን በአገር በአገሩ ነው፤ ስትደርሺ አገሩን ቀይሪው፣ አለበለዚያ ኩፖኑ አይሠራልሽም። ሁለተኛ፣ ጀርመን ውስጥ ኬቸፕ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈልበታል። ትንሽ ነገር ነው ግን እኔን ያናድደኛል።

ጀርመን ስትሆኚ ደግሞ በርገሩን ተዪውና ዶነር ብዪ፤ እየዞረ ከሚጠበስ ሥጋ ቆርጠው በዳቦ የሚሰጡሽ ነው። አንዱ ለሁለት ጊዜ ይበቃሻል። ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሳይሆን ሁለት መንገድ ገባ ብለሽ፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች ከተሰለፉበት።

ቁጥብ ነኝ፦

የጣሊያኑን እኔ ልንገርሽ፣ እዚያ ብዙ ተቀጥቻለሁ።

ሱፐርማርኬት ገብተሽ ፍራፍሬ ስትገዢ ራስሽ ነሽ የምትመዝኚው። መጀመሪያ እዚያው የተሰቀለውን የላስቲክ ጓንት ታደርጊያለሽ። በእጅሽ ከነካሽ አሮጊቶቹ ያፈጡብሻል፣ ወይ ይቆጡሻል። ከዚያ ፍራፍሬው ጋ የተጻፈውን ቁጥር ይዘሽ ሚዛኑ ላይ ትጫኚያለሽ፣ ስቲከር ይወጣል፣ ከረጢቱ ላይ ትለጥፊያለሽ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ሙዝ ይዤ ካሸር ጋ ደረስኩ። ካሸሯ ሙዙን ወደ ላይ አንስታ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፣ ልመዝን ስሮጥ ቁጥሩን አላየሁትም፣ እንደገና ተመለስኩ። ሙዙን ትቼው ብወጣ ይሻለኝ ነበር።

በቁራጭ የሚሸጥ ፒዛ አለ፣ በጣም ይመቻል። በትልቅ ሳህን የተጋገረውን በመቀስ ይቆርጡልሻል፣ በእጅሽ ይህን ያህል ብለሽ ታሳያለሽ። ብዙ ቦታ የሚሸጠው በክብደት ነው። የተጻፈው ዋጋ የኪሎ ይሁን የኤቶ እዪ፤ ኤቶ ማለት 100 ግራም ነው። አንድ ቱሪስት የበዛበት ሰፈር ውስጥ የኤቶውን ዋጋ የቁራጭ መስሎኝ ትልቅ አስቆርጬ ሒሳቡን ስሰማ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ሚዛን ላይ ሳይወጣ በፊት ጠይቂ።

ቡና ቆመሽ ጠጪ። ብዙ ቡና ቤት ውስጥ ባንኮኒው ጋ ቆሞ መጠጣትና ተቀምጦ መስተናገድ ዋጋው ይለያያል። ምግብ ቤት ስትገቢ ደግሞ ሜኑው ላይ ኮፔርቶ የሚል ፈልጊ። የመቀመጫ ክፍያ በዪው፣ በሰው ይቆጠራል። ሌባ አይደሉም፣ የአገሩ ወግ ነው፣ ግን ቀድመሽ ካላወቅሽው ያበሳጫል።

ሮም ከሄድሽ ውሃ እንዳትገዢ። ናዞኒ የሚባሉ የብረት ምንጮች በየመንገዱ አሉ፣ ከ2,000 በላይ ናቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሌት ተቀን ይፈስሳል። አፉን በጣትሽ ስትደፍኚው ከላይ ባለው ቀዳዳ ወደ አንቺ ይዘላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ አጎንብሶ ጫማውን ያረጥባል።

ባቡር ያመለጠው፦

@ድንች ጥብስ፣ ስለ ማታው ልክ ነህ። እኔ የምለው በየቀኑ ሦስቴ አይሁን ነው። ጠዋትና ማታ ከሱፐርማርኬት፣ ምሳ ትኩስ ነገር። ምሳ ሰዓት ላይ ብዙ ቤቶች ከራታቸው የረከሰ ሜኑ አላቸው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ሁለት ነገር ልጨምር። ቱ ጉድ ቱ ጎ የሚባል አፕ አለ፣ በ2015 ዴንማርክ ውስጥ ነው የተጀመረው። ዳቦ ቤቶችና ሱቆች በቀኑ መጨረሻ የተረፋቸውን በከረጢት አድርገው በርካሽ ይሸጡበታል። ምን እንደሚደርስሽ አታውቂም። እኔ አንዴ ዘጠኝ ክሯሳን ደርሶኝ ሁለት ቀን ሙሉ ክሯሳን ብቻ በላሁ፤ አሁን ሽታውን አልወደውም።

በካርድ ስትከፍዪ ደግሞ ማሽኑ በአገርሽ ገንዘብ ይሁን ወይስ በዩሮ ብሎ ከጠየቀሽ ሁልጊዜ ዩሮውን ምረጪ። በራስሽ ገንዘብ ካልሽው ምንዛሬውን የሚቆርጠው የማሽኑ ባለቤት ነው፣ ለአንቺ አያዝንም።

ሻንጣዋ፦

ኧረ ተባረኩ! ሙዙ ጋ ስደርስ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አንድ ችግር ግን አለ። አሁን ትኬቴን ሳየው ጀርመን የምደርሰው እሁድ ማታ 2 ሰዓት ነው። ቋንጣና አይብ ቋጥሬ ልሂድ?

ባቡር ያመለጠው፦

አይብና ሥጋ አትያዢ! ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከመጣሽ የሥጋና የወተት ነገር ማስገባት ክልክል ነው፣ ጉምሩክ ላይ ይወስዱብሻል። ዳቦና ብስኩት ከሆነ ችግር የለውም። ከተማው ትልቅ ከሆነ ደግሞ ዋናው ባቡር ጣቢያ ውስጥ እሁድም የሚከፍት ሱፐርማርኬት አይጠፋም። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ለዚያች ማታና ለጠዋት የሚሆንሽን ብቻ ገዝተሽ ውጪ። ቀለም የተቀባውን እንቁላል እዚያም ካየሽ አንሺው።

ድንች ጥብስ፦

ወይም ዶነር 😄