ለመንገድ እጅግ ስስ ላፕቶፕ ወይስ ትንሽ ወፈር ያለ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ሥልጠና ማዘጋጀትና መስጠት በመሆኑ በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መንገድ እወጣለሁ። አሁን የምይዘው ላፕቶፕ 2.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ቻርጀሩም ለብቻው ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቦርሳውን በአንድ ትከሻዬ አንጠልጥዬ ስውል፣ ማታ ልብሴን ሳወልቅ ማንገቻው ያረፈበት ቦታ ቀልቶ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ከ1 ኪሎ ብዙም የማይበልጥና ውፍረቱ 1.5 ሴንቲሜትር የማይሞላ ላፕቶፕ ለመግዛት አስቤያለሁ።

የምሠራው በአብዛኛው ጽሑፍና ስላይድ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ የ10 ወይም የ15 ደቂቃ የሥልጠና ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ከፕሮጀክተር ጋር ማገናኘትም የዘወትር ሥራዬ ነው። አንዴ ከገዛሁ ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲያገለግለኝ እፈልጋለሁ። ስስነቱ ምን እንደሚያሳጣኝ፣ ተጠቅማችሁ የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1

ከመግዛትዎ በፊት ለመንገድ የሚይዙትን ዕቃ ሁሉ ቦርሳው ውስጥ ይክተቱና ቦርሳውን እንዳለ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። እኔ ከ1.8 ኪሎ ወደ 1 ኪሎ ስወርድ 800 ግራም የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር። አዲሱ ማሽን ያለው ግን ሁለት የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ብቻ ስለነበር፣ ለኤችዲኤምአይ (ለፕሮጀክተሩ ገመድ)፣ ለተራው ፍላሽና ለኔትወርክ ገመድ የሚሆን ሃብ፣ ማለትም ባለ ብዙ ቀዳዳ ማገናኛ፣ መያዝ ጀመርኩ፤ ባትሪውም እስከ ማታ ስለማያደርሰኝ ፓወር ባንክ ጨመርኩበት። በመጨረሻ ስመዝነው ከጠበቅሁት ቅናሽ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። እውነተኛውን እፎይታ ያገኘሁት ከቻርጀሩ ነው፤ ስልኬንም ላፕቶፔንም የሚሞላ ባለ 65 ዋት ትንሽ የዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ገዝቼ ሁለቱን አሮጌ ቻርጀሮች ቤት ትቻቸዋለሁ። ይህን ለማድረግ ደግሞ የግድ እጅግ ስስ ላፕቶፕ አያስፈልግም።

የቀዳዳው እጥረት ከስሶቹ ማሽኖች ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን ማክቡክ ኤር ከወረቀት ፖስታ መዝዞ ሲያሳይ፣ ማሽኑ የነበረው የዩኤስቢ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነበር፤ የሲዲ ማጫወቻም የኔትወርክ ገመድ መሰኪያም አልነበረውም። በ2015 የወጣው ባለ 12 ኢንቹ ማክቡክ 0.92 ኪሎ ብቻ ይመዝን ነበር፤ ሆኖም ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሌላ የነበረው አንድ ዩኤስቢ-ሲ ብቻ ስለሆነ፣ ቻርጅ እያደረጉ ፍላሽ ለመሰካት የፈለጉ ሰዎች አዳፕተር ከመያዝ አላመለጡም።

እርስዎ ደግሞ ኑሮዎ ከፕሮጀክተር ጋር ነው። እኔ አንድ ጠዋት ሃቡን ያደርኩበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ሄጄ፣ ሠልጣኞቹ ተቀምጠው እየጠበቁ ስላይዱን ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ስገለብጥ፣ ፊደሎቹ ተበላሽተው አራት መዓዘን ሆነው ታዩ። ስለዚህ ሙሉ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሌለውን ማሽን እንዲገዙ አልመክርም። እንደ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን ያሉ፣ ክብደታቸው ከ1.1 ኪሎ ብዙም ሳይርቅ ኤችዲኤምአይ ያላቸው ላፕቶፖች አሉ። ለእነዚያ ለተጨመሩት ጥቂት ግራሞች እኔ አላዝንም።

መልስ 2

ቪዲዮ አቀናብራለሁ ስላሉ ስለ ሙቀት ልጨምር። ፕሮሰሰር ብዙ በሠራ ቁጥር ይሞቃል፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በብረቱ፣ በመዳብ ቱቦውና በማራገቢያው በኩል ነው። ስስ ማሽን ውስጥ ለእነዚህ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው፤ ጭራሽ ማራገቢያ የሌላቸውም አሉ። በ2020 የወጣው ኤም1 ማክቡክ ኤር ለምሳሌ ማራገቢያ የለውም፤ በጣም ፈጣን ነው፣ ድምፅም አያሰማም፣ ነገር ግን ከባድ ሥራ ለረጅም ደቂቃ ከቀጠለ እንዳይግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ላፕቶፖች አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር አላቸው ተብሎ ቢጻፍም፣ ወፈር ያለው ሥራውን ቀድሞ ሊጨርስ ይችላል። ሙቀቱ የሚታወቀው መጀመሪያ ላይ ሳይሆን ቆየት ብሎ በመሆኑ፣ ዕድሉን ካገኙ የራስዎን የ15 ደቂቃ ቪዲዮ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አስወጥተው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚዘገይ ይመልከቱ። ለጽሑፍና ለስላይድ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያሳስብዎ።

ኪቦርዱንም አይርሱት። ማሽኑ በሳሳ ቁጥር ቁልፎቹ ወደ ታች የሚሄዱበት ርቀት ያጥራል፤ ከ1.5 ወደ 1 ሚሊሜትር መውረዱ በወረቀት ላይ ኢምንት ቢመስልም፣ ሦስት ገጽ ከጻፉ በኋላ ጣትዎ ጠንካራ ጠረጴዛ ሲነካ የዋለ ያህል ይሰማዎታል።

መልስ 3

ላፕቶፕ በመጠገን ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁና፣ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው አምስት ዓመት ያሉት ነገር ነው። በአብዛኞቹ እጅግ ስስ ማሽኖች ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ዋናው ሰሌዳ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። በቆጣቢነት 8 ጊጋባይት ገዝተው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያማርሩ ደንበኞች ብዙ ናቸው፤ ላደርግላቸው የምችለው ምንም ነገር የለም። ገንዘብዎ ለስስነትና ለራም ካልበቃ ስስነቱን ይተዉና 16 ጊጋባይት ይግዙ። ማከማቻው በብዙዎቹ ይቀየራል፤ ቢሆንም የሚገዙትን ሞዴል ለይተው ይጠይቁ።

ባትሪ አላቂ ዕቃ ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ መቀየሩ የሚጠበቅ ነው። በአንዳንዶቹ ጥቂት ብሎን ፈትቶ ማውጣት ይቻላል፤ በሌሎቹ ግን በማጣበቂያ ስለተለጠፈ ሥራው ጥንቃቄም ጊዜም ይፈልጋል። የመዳሰሻው ሰሌዳ ከፍ ብሎ አልጫን ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል መጠቀምዎን አቁመው ወዲያውኑ ያሳዩት።

ስክሪኑም ስስ ነው። ሲዘጋ በኪቦርዱና በመስታወቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ የካሜራ መሸፈኛ ፕላስቲክ ለጥፎ መዝጋት ብቻ መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። በታጨቀ ቦርሳ ውስጥ ሲጨፈለቅ የቆየ ማሽን ከፍቼ የቁልፎቹ ቅርጽ ስክሪኑ ላይ በተርታ ታትሞ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ሲገዙ ጠንካራ ማቀፊያም ይገዛሉ፤ እሱም ክብደት አለው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአሁኑን ቦርሳዬን መዝኜው 5.1 ኪሎ ሆኖ አገኘሁት፤ ላፕቶፑ ከግማሹ በታች መሆኑን አላሰብኩትም ነበር። ከ1.2 እስከ 1.3 ኪሎ የሚመዝን፣ ኤችዲኤምአይና ማራገቢያ ያለው፣ ራሙም 16 ጊጋባይት የሆነ ወደ መፈለግ አዘንብያለሁ። የቀረኝ የፓወር ባንክ ነገር ነው፤ አውሮፕላን ላይ ስንት የሚደርስ ይፈቀዳል?

መልስ 1

የአየር መንገዶች የተለመደው ወሰን 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን መለኪያ) ነው፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከእርስዎ ጋር በእጅ ቦርሳ መያዝ አለበት። በላዩ የተጻፈው ሚሊአምፔር-ሰዓት ብቻ ከሆነ በ3.7 አባዝተው ለ1000 ያካፍሉት፤ 20,000 የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል፣ 30,000 የሚለው ግን 111 ስለሚሆን ወሰኑን ያልፋል። ለላፕቶፕ እንዲሆን ደግሞ በዩኤስቢ-ሲ ቢያንስ 45 ዋት የሚያወጣ ይሁን፤ ለስልክ ብቻ የተሠራው ላፕቶፑን አያነቃውም። ቁጥሩ ጎኑ ላይ በግልጽ የሚነበብ ይግዙ፤ ጽሑፉ የተፋቀ ፓወር ባንክ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩብዎት ይችላሉ።