በአህያዋ ተረት ውስጥ የደግነትና የክፋት ጭብጥ የሚታየው የቱ ላይ ነው?

የልጆች እናት (ለገጣፎ)
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በአንድ የእንስሳት ተረት ውስጥ የደግነትና የክፋት ጭብጥ እንዴት እንደቀረበ በአንድ አንቀጽ እንድትጽፍ ታዝዛ፣ አያቷ የነገሯትን የአንበሳ፣ የነብር፣ የጅብና የአህያ ተረት መረጠች። ዝናብ ጠፍቶ ምድር ሲደርቅ አራቱ ተሰብስበው «ፈጣሪ የተቆጣው ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ስላለ ነው» በማለት ይናዘዛሉ። አንበሳ ወይፈን፣ ነብር ፍየል፣ ጅብ ዶሮ መብላታቸውን ሲናገሩ በየተራ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» ይባላሉ፤ አህያ ግን ጌታዋ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወጋ ጥቂት ሣር መንጨቷን ስትናዘዝ የድርቁ ምክንያት አንቺ ነሽ ብለው ይበሏታል። ልጄ «ሦስቱ ሥጋ ስለሚበሉ ክፉ ናቸው፤ አህያዋ ሣር ስለምትበላ ደግ ናት» ብላ ጻፈች። መልሱ ጎደሎ መስሎ ቢሰማኝም የጎደለውን ለይቼ ላስረዳት አልቻልኩም። ደግሞስ ያሸነፉት ክፉዎቹ ከሆኑ ጭብጡ ምን ሊባል ነው?

የቋንቋ መምህር (ሰበታ)
እህቴ፣ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ሥጋ መብላት የአንበሳ ተፈጥሮ እንጂ ምርጫው አይደለም፤ ገጸ ባሕርያት ክፉና ደግ የሚባሉት ሌላም ማድረግ እየቻሉ በመረጡት ነገር ነው። ስለዚህ ልጅዎ የተበላውን ትታ ፍርዱን ትመልከት። ኑዛዜው የተደረደረው ከከባዱ ወደ ቀላሉ ነው፤ ወይፈን፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ በመጨረሻም ሣር። በደሉ እያነሰ መጥቶ ከሁሉ ባነሰው ላይ ሞት ሲፈረድ፣ ሰሚው ማንም ሳይነግረው ራሱ ያመዛዝናል። የሦስቱ ክፋት አንዱ የሌላውን ነውር መሸፈኑ፣ ለራሳቸው የፈቀዱትን ይቅርታ ለአህያዋ መንፈጋቸው፣ ከሁሉም በላይ ረሃባቸውን የፈጣሪ ቁጣ አስመስለው ማቅረባቸው ነው። የአህያዋ ደግነት ደግሞ ማንም ያላየውን ጥፋቷን በእውነት መናገሯ ነው።

ማሸነፋቸውን በተመለከተ፣ ተረቱ የሚያዝነው ለማን እንደሆነ ትጠይቅ። እርስዎ በነገሩን መልክ አህያዋ ከተበላች በኋላ ዝናብ ዘነበ አልተባለም፤ ይህ ዝምታ ፍርዱ ሐሰት እንደነበር ይመሰክራል።

ተረት ወዳድ (ሱሉልታ)
መምህር ስለ ምርጫ ያሉት ልክ ነው። እኛ ሰፈር ሌሊት የጅብ ድምፅ ይሰማል፤ ጥንብ አንሥቶ የሚያጸዳልንን እንስሳ ልጆች በደፈናው ክፉ ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ በተተረጎመው፣ እንስሳትን ለሃይማኖት ትምህርት ምሳሌ በሚያደርገው ፊሳልጎስ በተባለው መጽሐፍ ቀበሮ ሞታ በመምሰል ወፎችን ስለምታጠምድ የዲያብሎስ ምሳሌ ሆናለች፤ በዚያ እንስሳው ቋሚ ምሳሌ ነው። በእኛ ተረት ግን ያው እንስሳ አንዴ ሞኝ፣ አንዴ አታላይ፣ አንዴም ተበዳይ ሆኖ ስለሚመጣ በየተረቱ በሥራው መመዘን አለበት። እኔ ግን ይህን ተረት ከክፋትና ከደግነት ይልቅ የጉልበትና የፍትሕ ተረት እለዋለሁ።

የቋንቋ መምህር (ሰበታ)
ሁለቱ አይጋጩም፤ ጉልበት ብቻውን ክፋት አይደለምና። አንበሳ ጉልበቱን ይዞ «የእኔ በደል ከአንቺ ይበልጣል» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም።

የልጆች እናት (ለገጣፎ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ አሁን እንዲህ ጽፋለች፦ «አንበሳ፣ ነብርና ጅብ ክፉ የሆኑት ለራሳቸው ትልቅ ጥፋት ይቅር ተባብለው እውነቱን የተናገረችውን አህያ በትንሽ ጥፋት ስለገደሏት ነው።» በቂ ይሆን?

የቋንቋ መምህር (ሰበታ)
በጣም ጥሩ ነው። ማስረጃ እንዲኖረው ብቻ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ በአህያዋ ላይ ሲደርስ መቅረቱን ትጨምርበት።