የሚዘጋው ሞንታርቦው ነው ወይስ አፉ?

አወያይ፦ ጎረቤቶች፣ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራው ጋ በሞንታርቦ ስለሚሰብከው ሰው ለወረዳ የሚገባ ማመልከቻ ተዘጋጅቷል። ሁለት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ድምፁ ነዋሪውን ስለረበሸ እንዲነሣልን። ሁለተኛ፣ «የሕዝብን ስሜት የሚያስቀይም ማንኛውም ንግግር» በኮንዶሚኒየም ሳይታችን አደባባይ እንዳይነገር ደንብ አስከባሪዎች እንዲቆጣጠሩልን። እንፈርም የምትሉም አንፈርም የምትሉም ጻፉ። የየትኛው እምነት ሰባኪ እንደሆነና ቅዳሜ ዕለት ምን እንዳለ ግን እዚህ ቡድን ላይ አትድገሙ። የሰማ ሰምቷል።

የማርታ እናት፦ እኔ ፈርሜያለሁ። ልጄን ከትምህርት ቤት አምጥቼ ታክሲ ስጠብቅ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታከብረው የኖረችውን ነገር ሲያዋርደው ቆሜ ሰማሁ። ወዴት ልሂድ? ሰልፉን ከለቀቅኩ ከኋላ ልጀምር ነው። ልጄም «እማ፣ እውነቱን ነው እንዴ?» አለችኝ። ነፃነት ነፃነት ትላላችሁ፤ አልሰማም የማለት ነፃነት የለም?

ብሎክ 31፦ ጆሮ ክዳን የለውማ።

ጠበቃው፦ አንደኛውን ነጥብ ዛሬውኑ እፈርማለሁ፤ ሁለተኛውን ግን አልነካውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን መግለጽ ይፈቅድና፣ ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ደግሞ ገደቡን ያስቀምጣል። ገደብ በሕግ ይወጣል፤ ሕጉ ግን ሐሳቡ በይዘቱ ወይም በሰሚው አእምሮ ላይ በሚያሳድረው ውጤት ምክንያት እንዲታፈን ማድረግ የለበትም። ለምን ለምን ገደብ እንደሚወጣም ይዘረዝራል፦ ለወጣቶች ደኅንነት፣ ለሰው ክብርና መልካም ስም፣ የጦርነት ቅስቀሳን ለመከልከል፣ ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግርን ለመከልከል። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185ም ቢሆን የሚከለክለው፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ተለይቶ በሚታወቅ ሰው ወይም ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግርን ነው። እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ አለው፤ በንግግሩ ሰበብ ጥቃት ከደረሰ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሰው ተቀየመ ብሎ የሚቀጣ ነገር የለበትም። ሰውየው «ምቷቸው፣ ቤት አታከራዩአቸው» ብሎ ከሆነ ማመልከቻም አያስፈልግ፣ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። «እምነታችሁ ስሕተት ነው» ብሎ ከሆነ ግን ይህን የማይል ሰባኪ አሳዩኝ።

የማርታ እናት፦ ጠበቃ፣ የወንጀል ሕጉን ዘለልከው። ባለቤቴ አንቀጽ 492ንና 816ን አንብቢለት እያለኝ ነው።

ጠበቃው፦ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ አሉ። 492 የአምልኮ ሥርዓትን የሚያውከውን፣ ንዋያተ ቅድሳትን የሚያረክሰውን ይመለከታል። 816 ደግሞ በአደባባይ በሃይማኖት የሚሳለቀውን በመቀጮ ወይም ከአንድ ወር በማይበልጥ ማረፊያ ቤት ይቀጣል። እኔን ብትጠይቂኝ 816 ቢሻር ደስ ይለኛል፤ እስካለ ድረስ ግን ተጠቀሚበት። ክሰሺው፣ ምስክር አቅርቢ፣ እሱም ይከራከር፣ ዳኛ ይፍረድ። ማመልከቻው የሚጠይቀው ይህን አይደለም። የሚጠይቀው ዱላ የያዘ ደንብ አስከባሪ ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ፣ የትኛው ንግግር እንዳስቀየመን በራሱ ግምት እንዲወስንልን ነው።

ውሃ ጠባቂ፦ እዚህ ላይ ልግባ። ባለፈው ዓመት ፈረቃ ስለሚሉት ውሃ የጻፍኩትን ታስታውሳላችሁ። አንድም ሰው አልሰደብኩም፤ ጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ስንወጣ ፎቶ አንሥቼ ነው የለጠፍኩት። አንድ ቢሮ ለአወያያችን ደውሎ «ስም ማጥፋት ነው፣ ሠራተኞቻችን ተቀይመዋል» አለ። በማግሥቱ ጽሑፌ የለም። ያኔ ምንም ወረቀት ሳይኖራቸው ነው። አሁን ሦስት መቶ ሰው ፈርሞ «የሚያስቀይም ንግግር ከልክሉልን» የሚል ወረቀት በእጃቸው ልትሰጧቸው?

አወያይ፦ ደወሉልኛ! ቡድኑ ሊዘጋ ነበር እኮ።

ብሎክ 19፦ ውሃና ሃይማኖት አንድ አይደለም። በዚህ አገር ሰው በሃይማኖት ሲጋደል አይተናል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሩዋንዳም እኮ በሬዲዮ ነው የጀመረው።

ጠበቃው፦ ሩዋንዳን ካነሣኸው አይቀር በደንብ እናንሣው። አርቲኤልኤም የሚባለው ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1994 የሚገደሉ ሰዎችን ስምና አድራሻ እየጠራ፣ የት እንደተደበቁ እየጠቆመ ያሰራጭ ነበር። ታንዛኒያ፣ አሩሻ ላይ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የሚዲያ ሰዎቹን የፈረደባቸው በዚያ ነው። ሰው ስላስቀየሙ አይደለም።

ብሎክ 19፦ ስም መጥራቱ ኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ ቱትሲዎቹን «በረሮ» ማለት ነበር። በረሮ ሲባሉ ከርመው ነው ሰው መግደል በረሮ እንደመግደል የቀለለው። አንተ ሕጉ እስኪጣስ ጠብቁ ትለናለህ። እስከዚያ ድረስ መንደሩ አለ ወይ ነው ጥያቄው።

ጠበቃው፦ ይህ ከባድ መልስ ነው፣ አልክድም። ግን በረሮ የተባሉት ሰዎቹ ናቸው። ሰውን በረሮ ማለት አዋጁ ውስጥ ይገባል፤ ሰብአዊ ክብርን ይነካል። መጽሐፍህ ተሳስቷል ማለት ሌላ ነው።

የማርታ እናት፦ በወረቀት ላይ ሌላ ነው። እዚያ ቆሞ ለሚሰማው አንድ ነው።

ሐጂ፣ ብሎክ 8፦ ልጆች፣ እኔም ቅዳሜ እዚያው ነበርኩ፤ እኔም ተቀይሜያለሁ። ግን አልፈርምም። «የሕዝብ ስሜት» ሲባል የሚለካው የማን ስሜት ነው? የሚበዛው ሰው ስሜት ነው። እዚህ ሳይት የሚበዛው አንዱ ነው፣ ማዶ ስንሻገር የሚበዛው ሌላው ነው። ነገ የእኔ አዛን አስቀየመን ቢሉኝ ይኼው ወረቀት ነው የሚመዘዝብኝ። ለብዙኃኑ እምነት ጠባቂ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ለሆነው ነው። ጥቂቱ ደግሞ በእንዲህ ያለ ወረቀት ሲጠበቅ አላየሁም።

ጡረተኛው መምህር፦ የሐጂን ነገር በታሪክ ላግዘው። በ1870 ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ተከራከሩ። መከራከሩ ባልከፋ ነበር፤ የተቋጨው ግን በአዋጅ ነው። የተረታው ወገን አፉን እንዲይዝ ተደረገ። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሣ ተባለ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው፣ የልጅ ኢያሱ አባት። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረው ብዙ ነው። መንግሥት የእምነት ክርክር ዳኛ ሲሆን የሚሆነው ይህ ነው፤ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን የለየው ዝም ብሎ አይደለም።

ብሎክ 19፦ መምህር፣ ባህላችን ግን ስድብን አይፈቅድም። ጨዋ ሕዝብ ነን።

ጡረተኛው መምህር፦ ጨዋነታችንን በዜማ እንዘልለው ነበር እንጂ። አዝማሪ መኳንንቱ ፊት ማሲንቆውን ይዞ፣ ሰሙን እያስሳቀ ወርቁን ይወረውር ነበር፤ የተነካው ጌታ ቢበግንም ሸልሞ የሚያሰናብተው አይጠፋም ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ከአዝማሪዎች ጋር አስገድሏል። የሚዞር አፍ የፈራው እሱ ነው። (ሰባኪያችን ወርቅ ቢኖረው ኖሮ እኔም ቆሜ በሰማሁት፤ ጩኸት ብቻ ሆነብኝ እንጂ።)

ኢንጂነሩ፦ ጩኸቱን በተመለከተ መለኪያ አለ። ለመኖሪያ አካባቢ የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ያ ሞንታርቦ ከዚያ በላይ እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። በዚህ ከሄድን ምን አለ የሚለው ጥያቄ ውስጥ መግባት የለብንም።

ብሎክ 31፦ በ55 ከተለካ የእኛዎቹ ማጉያዎችስ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሱን?

አወያይ፦ ወደዚያ አንግባ።

ብሎክ 31፦ ለምን አንገባም? የሌላው ሲሆን ረብሻ፣ የእኛ ሲሆን በረከት ነው?

ሐጂ፣ ብሎክ 8፦ ከተለካ የሁሉም ይለካ። የእኛን መስጊድ እኔ ራሴ አነጋግራለሁ።

የማርታ እናት፦ ሐጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ግን የጸሎት ድምፅና የሰውየው ድምፅ እንዴት አንድ ይሆናል? ያኛው ማንንም አይነካም።

ውሃ ጠባቂ፦ አየሽ? አሁን ስለ ድምፅ ማውራት ትተን ስለ ይዘት ጀመርን።

ተራ አስከባሪ፦ እናንተ ሕግ ታወራላችሁ፣ ሰውየው መብራት የሚስበው ከጥግ ካለው ሱቅ ነው፣ በቀን እየከፈለ። ባለሱቁ ገመዱን ከነቀለ ሞንታርቦው ዕቃ ነው። ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት ባለሱቁን ያናገረ አለ?

አወያይ፦ የለም።

ተራ አስከባሪ፦ በሉ እንግዲህ።

አወያይ፦ እንዲህ እናድርግ። ስለ ድምፁ ብቻ የሚል ሌላ ወረቀት አውጥቻለሁ፤ የሁሉም ማጉያ ይለካ የሚለው ገብቶበታል። የመጀመሪያውም አልተቀደደም። ሁለቱም እስከ ሐሙስ ዳቦ ቤቱ ጋ ይቆያሉ፣ ሁሉም ያመነበት ላይ ይፈርም። ባለሱቁን እኔና ተራ አስከባሪው እናናግረዋለን።

የማርታ እናት፦ የእኔ ፊርማ የመጀመሪያው ላይ ይቆይ። ገመዱ ቢነቀል በባዶ አፉም መናገሩ አይቀርም። ያኔ ምን ልትሉኝ ነው?

ጠበቃው፦ ያኔማ መልሽለት። ሞንታርቦ ከሌለ እኩል ናችሁ።

የማርታ እናት፦ ልጅ ይዤ፣ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከሰባኪ ጋር ክርክር? አንተ ናና መልስልኝ። ሰኞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ነኝ።