የጀልባ ቤት ለመግዛት ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ለሦስት ሳምንት ዕረፍት መጥቻለሁ። «የለንደን ኪራይ አንገሸገሸኝ፣ ያረጀች ጀልባ ገዝቼ፣ አድሼ ልኑርባት ወይ?» ብለሻል። እኔ እዚያው ለንደን ካናል ላይ፣ ጀልባ በሚሄድበት የውሃ ቦይ ማለቴ ነው፣ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ጀልባዋን ያደስኳትም በአብዛኛው በገዛ እጄ ነው። ስለዚህ እንደ ወንድም ልንገርሽ።

ቀለሟን ተይው። ወጥ ቤቷንም ተይው። መጀመሪያ ሆዷን፣ ውሃው ውስጥ የሚቀመጠውን ብረቷን እዪ።

ትናንት እናቴ የጓዳውን ግድግዳ ልታስመርግ ሰው ጠርታ ነበር። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ላዩ በኖራ ነጥቶ አምሮበታል። ሰውዬው ከግርጌው በዶማ እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ውስጡ ተቦርቡሮ ተገኘ። ቋሚውን ምስጥ ጨርሶታል። ቆሜ ሳይ የጀልባዬ ነገር ትዝ አለኝ።

እኔ ስገዛ ሻጩ «ከሥር ዝገት የሚከላከለውን ሬንጅ ከተቀባች ገና ዓመቷ ነው» አለኝ። አመንኩት። ውስጧ በሚያምር እንጨት ተለብጧል። ምድጃዋ ይነድዳል። መርማሪ ሳልቀጥር ገዛኋት። በሦስተኛው ወር ሻወሩ አጠገብ ያለው ወለል ስረግጠው ይሰረጉድ ጀመር። ኮምፔልሳቶውን ነቅዬ ባትሪ ሳበራ ከሥሩ ውሃ ተኝቷል። የካናሉ ውሃ የገባ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ የሻወሩ ነው። ለዓመታት ጠብ ጠብ ሲል ኖሮ ላሜራውን ከውስጥ በልቶታል። በመፍቻ ጫር ሳደርገው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ውጪዋን ሬንጅ የቀባ ሰው ይህን አያይም። ዝገቱ የመጣው ከውስጥ ነዋ።

ከውሃ አስወጥቼ ውፍረቷን በአልትራሳውንድ መሣሪያ አስለካሁ። እነዚህ ናሮውቦት የሚባሉት ጠባብ ጀልባዎች ብዙ ጊዜ ሲሠሩ ታችኛው ብረት 10፣ ጎኑ 6፣ ጣሪያው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ኢንሹራንሶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳ ብረት አይወዱም። የእኔ ከኋላ በኩል 3 ብቻ የቀረው ቦታ ተገኘ። አዲስ ላሜራ ማስደረብ ግድ ሆነ። በያጁ ግን እሳት ከማስነሣቱ በፊት በግድግዳው ውስጥ ያለው ብርድ መከላከያ ፎም መነሣት አለበት አለ። ፎሙ በብየዳ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ያ ያማለለኝ እንጨት ሁሉ ተነቅሎ ወጣ። የተደረበው ብረት ክብደት ጨምሮባት ወደ አንድ ጎን ስላዘነበለች፣ ከወለሉ ሥር ለሚዛን የተደረደሩትን ጡቦች እያወጣሁ ቦታ ስቀይር ከረምኩ። ለመግዣ ካወጣሁት ግማሽ ያህሉን ደግሜ አወጣሁ። ያን ክረምት በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ያለቀስኩበት ሌሊት አለ።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ሰርቬየሩን፣ ማለትም የጀልባ መርማሪውን፣ ራስሽ ቅጠሪ፣ ሻጩ የሚያመጣውን አትቀበዪ። ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ትታይ። ቀብድ ከከፈልሽም «ምርመራው ካላማረ ይመለስልኛል» የሚል በጽሑፍ ያዢ። ከተገዛች በኋላም ሬንጁ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይታደሳል። እናቶቻችን ግድግዳ እንደሚያስመርጉት ቁጠሪው፣ የማይቀር ነው።

ሌላው ውሃ ከራስሽ የሚወጣው ነው። ትንፋሽሽ፣ የወጥሽ እንፋሎት፣ የሰጣሽው ልብስ፣ ሁሉም ቀዝቃዛው ብረት ላይ ሄዶ ጤዛ ይሆናል። ከፍራሽ ሥር ሻጋታ ያበቅላል። ፍራሹን በረብራብ ላይ አንሺው፣ አየር ከሥሩ ይለፍ። የአየር ማስገቢያዎቹን ብርዱ ቢጠናብሽ እንኳ በጨርቅ አትወትፊ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ምን እንደሚያደርስ ያውቃል። ጀልባ ውስጥ ደግሞ ክፍሉ ከ2 ሜትር ብዙም አይሰፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰል መርዛማ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸው ማንቂያ የግድ ነው። በየ4 ዓመቱ የሚታደሰው የጀልባ ደህንነት ሰርተፍኬትም ይጠይቀዋል። ያለ ሰርተፍኬቱና ያለ ኢንሹራንስ የካናሉ ፈቃድ አይሰጥም።

ሕጉን ጠንቅቀሽ እወቂ። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ ከሌለሽ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይቻልም። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ መመለስም አያዋጣም፤ በእርግጥ እየተጓዝሽ መሆን አለበት። አንቺ የሌሊት ተረኛ ነሽ፣ ልጅሽም ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እኔን የሚያሳስበኝ ከብረቱ ይልቅ ይሄ ነው። ለንደን ውስጥ ቋሚ ቦታ ውድ ነው፣ ለመኖሪያ የተፈቀደው ደግሞ ጥቂት። መጀመሪያ ቦታውን አግኚ፣ ከዚያ ጀልባውን ፈልጊ። ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻም ያስፈልግሻል። እኔ የጓደኛዬን ቤት ነው የምጠቀመው። ሽንት ቤቱን ራስሽ ተሸክመሽ ነው የምትደፊው፣ ይለመዳል።

ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። እኔ ወደ ፎቅ ቤት አልመለስም። ቅዳሜ ጠዋት ከኋላ በረንዳዋ ላይ ቡና ስቆላ ሽታው ካናሉን ተከትሎ ይሄዳል። አጠገቤ የታሰሩት አንድ በአንድ ይመጣሉ። አቦል ብለን በረካ ድረስ እንቀመጣለን። በአስር ዓመት የፎቅ ኑሮዬ በሬን ያንኳኳ ጎረቤት አልነበረም። ወሎ ያደግን ሰዎች ይህ ሲጎድልብን ምን ያህል እንደሚያመን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ያየሻት ጀልባ ርዝመቷንና የተሠራችበትን ዓመት ላኪልኝ። በወሩ መጀመሪያ እመለሳለሁ። እስከዚያ ቀብድ እንዳትከፍዪ። ባትሪና መፍቻ ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን ወለሏን ገልጠን እናያለን።