ጥቆማ፦ ከሳሎን ወደ በረንዳ ተንሸራታች በር ወይስ ተጣጣፊ?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በሳሎኑና በበረንዳው መካከል ያለውን ግድግዳ ከፍተን 4 ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት በር ልናስገባ ነው። እኔ ተንሸራታች እላለሁ፣ እሱ ተጣጣፊ ይላል። አሠርታችሁ የኖራችሁበት ብትነግሩኝ።

የልጆች እናት፦
የእኛ ተንሸራታች ነው፤ 6 ዓመት ሞላው፣ ሮለሩን አንዴ ብቻ ቀየርን። ግን ባለ 2 መስታወት ከሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚደረብ ከ4 ሜትሩ የሚከፈትላችሁ 2ቱ ብቻ ነው።

ዝናብ ያየ፦
ከበሩ በፊት ስለ ደፉ ጠይቁ! እኔ ውስጡና ውጪው እኩል ይሁን ብዬ ደፉን አስነሳሁ። ሠሪው በረንዳውን ወደ ውጭ አላዘቀዘቀውም። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ሌሊት ምንጣፉን ስረግጠው ውሃ ተፋ። በ3ኛው ቀን ፓርኬው አብጦ ተነሳ። ሠሪውን ብጠራው ሲሊኮን ይዞ መጣ። እስካሁን ያናድደኛል።

ጎረቤት፦
የእኔም ፓርኬ እንዲሁ ሆነ። ካበጠ በኋላ ይመለሳል?

ባለ ብረት በር፦
እኔ 3 ቤት ያሠራሁት አንድ ሰው ጋ ነው፣ ሁሉም የብረት በር። ስልኩን በውስጥ ልላክላችሁ።

ዝናብ ያየ፦
ውሃ አያስገባም?

ባለ ብረት በር፦
እሱ የሠራው አያስገባም። ሰውዬው ጨዋ ነው።

ዝናብ ያየ፦
ውሃው ጨዋነቱን አይቶ ይመለሳል ማለት ነው?

ግንበኛ ነኝ፦
ተረጋጉ። በረንዳው በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ዝቅ ይበል። ደፍ ከሌለ በሩ ፊት ፍርግርግ የለበሰ ቦይ ግድ ነው። ከሀዲዱ ሥር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የውሃ መውጫ ናቸው፤ በሲሊኮን የሚደፍናቸው ሠሪ አይቻለሁ፣ ያኔ ውሃው መሄጃ አጥቶ ሳሎን ይገባል።

ተጣጣፊው በደንብ ይከፈታል፣ የባለቤትሽ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ከላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ግን ክብደቱ በሙሉ ከበሩ በላይ ባለው ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ላይ ነው፤ ቢሙ ትንሽ ከጎበጠ በሩ ይይዛል። ከሁሉም በፊት ግን ግድግዳው ተሸካሚ ነው፣ ማለትም ከላዩ ያለውን ክብደት የያዘ ነው? መሃንዲስ ሳያየው አንድ ብሎኬት እንዳታስነሱ።

የልጆች እናት፦
ተራ መስታወትም እንዳታስገቡ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ መስታወት) ሲሰበር ደቆ ይረግፋል፣ ላሚኔትድ (ድርብ ተጣባቂ መስታወት) ደግሞ መካከሉ ባለው ስስ ፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ልጄ በብስክሌት ሲገጨው ተሰነጠቀ እንጂ አልወደቀም።

አዲስ ገቢ፦
ስለ ግድግዳው ጨርሶ አላሰብንም ነበር! መሃንዲስ እንጠራለን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጎረቤት፦
ግንበኛው፣ የእኔን ፓርኬ ረሳኸው።

ግንበኛ ነኝ፦
ያበጠውን አንሳ፣ ከሥሩ ያለው ኮንክሪት በእርጥበት መለኪያ ታይቶ መድረቁ ሳይረጋገጥ አዲስ አትለጥፍ። ፎቶ ላክልኝ።